መጀመሪያ ቁርስ

ዛሬ የማካፍላችሁ ትምህርት ሳይሆን የአንድ ቅዳሜ ታሪክ ነው። እኔን ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ ስላልሆነ ልጽፈው ስነሣ ብዙ ጊዜ እጄ ተመለሰ። ነገር ግን ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ያለ አንድ ሰው እንኳ ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው ጣሊያን፣ ሚላኖ ነው። ሥራዬ አንዲት አረጋዊት እናትን መንከባከብ ሲሆን የማድረውም እሳቸው ቤት ነው። የዕረፍት ጊዜዬ፣ በዚህ ሥራ እንዳለነው እንደ ብዙዎቻችን፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ሐሙስ ገንዘብ መላክ አለ፣ ሰነድ ማሳደስ አለ፣ ሰልፍ አለ። እሑድ የጌታ ቤት ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመዝናናት ብዬ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ መዝናናት ትንሽ ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። ቤተሰብ አገር ቤት እየጠበቀ፣ የጸሎት ርዕስ ተደርድሮ እያለ፣ ባሕር ዳር ምን ያስኬዳል?

በመስከረም መጨረሻ ታናሽ ወንድማችን ደወለ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ሳቂታ ልጅ ነው። «ቅዳሜ ባሕር ዳር ያሉትን አምስቱን መንደሮች እንይ። አጀንዳ የለም፣ ፕሮግራም የለም፣ አብሮ መዋል ብቻ» አለኝ።

«ማን ማን ነው የሚሄደው?»

«እኔ፣ እትዬ፣ አንቺ...» አለና ትንሽ ቆይቶ የአራተኛዋን ስም ጠራ።

ዝም አልኩ። ልጁም ዝም አለ። ምን እያደረገ እንደሆነ ገባኝ።

አራታችን በአንድ መዘምራን ውስጥ ስድስት ዓመት አብረን ያገለገልን ነን። እሷና እኔ ደግሞ ከዚያም በላይ ነበርን። አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረናል፤ ስታመም ሾርባ ያበላችኝ እሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ኅብረታችን ለሁለት ተከፈለ። በምን እንደተከፈለ መተረክ ማንንም አያንጽም፤ በውጭ አገር ያላችሁ ምእመናን ነገሩን ታውቁታላችሁ። ብዙ ዓመት የተገነባው ነገር በሦስት ስብሰባ እንደ እንቧይ ካብ ተናደ። እኔ ከቀሩት ጋር ቀረሁ፣ እሷ ከሄዱት ጋር ሄደች። አልተጣላንም። ስልክ መደወል ብቻ አቆምን።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩት። በልቤ ያለው ግን ሽርሽር አልነበረም። «ጌታ በሩን ከፈተ፤ ይህችን እህቴን ይቅር የምላት ቀን ደረሰ» አልኩ። ሌሊት ተቀምጬ የምናገረውን በስልኬ ላይ በሦስት ነጥብ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ነጥብ ጥቅስ ነበረው። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛልም፣ ያሳፍረኛልም።

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ ተገናኘን። የአረጋዊቷ ልጅ ለአንድ ቀን እናቷን ልትጠብቅልኝ መጥታ ነበር። እትዬ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ትልቅ የሻይ ቴርሞስ ይዘው መጥተዋል። እሷም መጣች። ተቃቅፈን ተሳሳምን፤ ትከሻ ለትከሻ ብቻ ነበር። በባቡሩ ውስጥ እትዬ በመካከላችን ተቀመጡ።

ጄኖቫን ካለፍን በኋላ ባቡሩ ዋሻ ለዋሻ መሄድ ጀመረ። ጨለማ ነው፣ ከዚያ ባሕሩ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ጨለማ። ታናሽ ወንድማችን ባሕሩ በታየ ቁጥር እንደ ሕፃን ይጮኻል። ሌቫንቶ ወርደን መንደሮቹን በሚያገናኘው ትንሽ ባቡር ቀየርን። ቦታው ቺንኩዌ ቴሬ ይባላል፤ አምስት ምድሮች እንደማለት ነው። ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒልያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ። በሊጉርያ ባሕር ዳር ገደል ላይ ተለጥፈው የተሠሩ፣ ቢጫና ሮዝ የተቀቡ ቤቶች ያሏቸው መንደሮች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በባቡር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሞንቴሮሶ ወረድን። ከአምስቱ ሰፊ የባሕር ዳርቻ ያላት እሷ ናት። በሎሚዋና አንቾቬ በሚባለው ትንሽ ዓሣዋ ትታወቃለች። ፀሐይዋ ገና ለስላሳ ነበረች። ወንድማችን ትኩስ ፎካቻና በጨው የተቀመጠ አንቾቬ ገዝቶ መጣ። እትዬ ነጠላቸውን ጠጠሩ ላይ ዘርግተው ማዕድ ማቅረብ ጀመሩ።

ይህ ሰዓት ነው አልኩ ለራሴ። ወደ እሷ ዞሬ «እህቴ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት።

እትዬ ከዳቦው ቀና ሳይሉ «መጀመሪያ ቁርስ» አሉ።

«እትዬ፣ አጭር ነገር ነው...»

«መጀመሪያ ቁርስ አልኩ እኮ!» አሉና ከድፎው ቆርሰው፣ ዓሣውን ጠቅልለው፣ ሎሚ ጨምቀውበት ለእሷ አጎረሷት። ቀጥሎ ለእኔ። አፌ ስለሞላ ዝም አልኩ። ከዚያ ለእሷ ሁለተኛ፣ ለእኔ ሁለተኛ። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ሁለታችንም እንባ እስኪመጣን አላመጥን፤ ተያየንና ሳቅ አመለጠን። በሁለት ዓመት ውስጥ አብረን የሳቅነው የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። በላን፤ ሻይ ጠጣን። ወንድማችን ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ገባ። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከሩና «ጌታ ሆይ ተመስገን» ብለው ብዙ ቆዩ። በዚያች ሰዓት ማንም ስለ ኅብረቱ አላነሣም።

ቀጥለን ቬርናዛ ሄድን። ትንሽ ወደብ አላት፤ ከውሃው ጠርዝ ላይ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ልጆች ከድንጋዩ ላይ ወደ ባሕር ይዘልላሉ። እንዲህ ያማረ ቦታ ላይ መከራ የደረሰ አይመስልም። ወንድማችን ግን ጥቅምት ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25 ቀን 2011፣ እዚህ የሆነውን ነገረን። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ከተራራው የመጣ ጎርፍ፣ ጭቃና ድንጋይ የቬርናዛን ዋና መንገድ ሞላው፤ ምድር ቤቶቹን ዋጠ። በዚህች ትንሽ መንደር ሦስት ሰው ሞተ። ሞንቴሮሶም፣ ቁርስ የበላንባት፣ በዚያው ቀን ተመትታለች።

«ዝናቡ ከባድ ስለነበር ብቻ አይደለም» አለ ወንድማችን ወደ ተራራው እያሳየን። «ያንን እርከን ታያላችሁ? የዚህ አገር ገበሬዎች ወይን ለመትከል ተራራውን በሙሉ በድንጋይ ካብ ደረጃ ደረጃ አድርገውታል። ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ ሥራ ነው። ባለፈው መቶ ዓመት ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደ። ካቡን የሚጠግን ጠፋ። የተተወ ካብ ሲወድቅ ደግሞ አፈሩን የሚይዝ የለም።»

እሷ ምንም አላለችም። ተራራውን ብቻ ታይ ነበር። ትውልዷ ኮንሶ ነው። ያን ጊዜ ግን ነገሩን አላያያዝኩትም።

ሦስተኛዋ መንደር ኮርኒልያ ከሌሎቹ ትለያለች፤ ባሕሩን አትነካም። ከባሕር በላይ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ አለት ላይ ተቀምጣለች። ከባቡር ጣቢያው ወደ መንደሩ 380 ገደማ ደረጃ አለው። ትንሽ አውቶቡስም አለ። እትዬ ደረጃውን ቀና ብለው አዩና «እኔና ልጁ በአውቶቡስ፤ እናንተ ጉልበት ያላችሁ በእግራችሁ ውጡ» አሉ። ልጁ ሊከራከር ሲል ክንዱን ይዘው ሄዱ።

ሁለታችን ቀረን። መውጣት ጀመርን። እኔ የመጀመሪያዋን ነጥብ በልቤ እደግማለሁ፣ ግን ትንፋሽ አጠረኝ። ግማሽ ላይ ስንደርስ እሷ ቆመች። ከመንገዱ ዳር የወይን እርከን ነበር፤ እጇን ካቡ ላይ አሳረፈች። የሰው ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፉት ዓይነት ነበር።

«ይሄ የኛ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ካቡ። የኮንሶ ነው። አባቴ ቢያየው ማን መጥቶ ሠራላቸው ይል ነበር።» ጣቷን በድንጋዮቹ መካከል አስገባች። «ሲሚንቶ የለውም፣ አየሽ? ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ከፊት የሚታየው ትልልቁ ነው። ካቡን የሚያቆመው ግን ከኋላው ያለው ጠጠር ነው። የዝናቡ ውሃ በጠጠሩ መካከል አልፎ ይወጣል። በሲሚንቶ ብትደፍኚው ለጊዜው ያማረ ይመስላል። ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃው መውጫ ያጣል፤ ከኋላ ይጠራቀማል። ከዚያ ካቡ ሆዱ ይነፋል። ከዚያ አንድ ቀን ይገነደሳል።»

ትንሽ ራቅ ብሎ አንዱን አሳየችኝ። እውነትም መሐሉ ወደ ፊት ተገፍቶ እንደ እርጉዝ ሆድ ነፍቶ ነበር። «ይሄ ክረምቱን አይሻገርም» አለች። «እኛ ጋ ሰው ተጠራርቶ ነው የሚጠግነው። ካብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም።»

የኮንሶ እርከን ከ400 ዓመት በላይ በትውልድ ቅብብል የቆየ መሆኑን፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በፈረንጆቹ 2011፣ ቬርናዛ በጎርፍ በተመታችበት በዚያው ዓመት መሆኑን ያወቅኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ስለ ቅርስ የማስብበት ፋታ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም እጇን ከካቡ ሳታነሣ እንዲህ አለች፦

«'ማይክ ፈልጋ ነው የሄደችው' ብለሻል አሉኝ።»

ወገኖቼ፣ ብያለሁ። ለአንድ ሰው በስልክ ብያለሁ። «ጸልይላት» ብዬ ጀምሬ ነው ያልኩት። ስታጠናው እንደኖረች ነገር ቀስ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ ሳትቆጣ። መጀመሪያ በአፌ ላይ የመጣው «ማን ነገረሽ?» የሚለው ነበር። ጌታ ከለከለኝ።

«ብያለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «እናቴ ያረፈች ጊዜ ቤቴ የመጡት እነሱ ናቸው። ሦስት ቀን አብረውኝ ያደሩት እነሱ ናቸው። ያን ሳምንት እናንተ ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። አንቺ መልእክት ላክሽልኝ። ጥቅስ።»

ልቅሶ አልደረስኳትም ነበር። እናታቸው በሞተባት እህቴ ቤት፣ ሾርባ ያበላችኝ ሰው ቤት፣ አልሄድኩም ነበር። ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት በምንከራከርበት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከስልኬ ላይ ጥቅስ ገልብጬ ላክሁላት። ከዚያም በሁለት ዓመት ውስጥ በታሪኩ ላይ እኔ የተተውኩት ሰው ሆኜ፣ እሷ ጥላኝ የሄደች ሆና ተሥላ ኖረች። ይቅር ልላት ነበር የመጣሁት።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስቱም ነጥቦች ጠፉብኝ። «ይቅር በይኝ» ብቻ አልኩ። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ቱሪስቶች «ፔርሜሶ» እያሉ በአጠገባችን ያልፋሉ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ «ሁሉ ነገር ከልቤ ወጥቷል ብዬ አልዋሽሽም» አለችኝ። «ግን እንድትሰሚኝ ፈልጌ ነበር። ተነሺ አሁን፤ እትዬ ይጠብቁናል።» እጇን ሰጠችኝ። የቀረውን ደረጃ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። እላይ እትዬ አዩን፤ ምንም አልጠየቁም። ቀዝቃዛ የሎሚ መጠጥ ገዝተው ጠብቀውናል።

ከሰዓት ማናሮላ ዋልን። ከማናሮላ ወደ ሪዮማጆሬ በገደሉ ወገብ የሚሄድ አጭር መንገድ አለ፤ «የፍቅር መንገድ» ይሉታል። በ2012 ድንጋይ ተንዶ ሰው ከጎዳ በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው በ2024 ነው። አሁን ትኬትና ቀጠሮ ይፈልጋል፣ እኛም አልያዝንም። ወንድማችን ማብራሪያውን ሲጨርስ እሷ «ድንጋዩ የወደቀው በአንድ ደቂቃ፣ ጥገናው 12 ዓመት» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «እኛ በሁለት ዓመት ጀምረነዋል፤ ጎበዞች ነን» አለችኝ። በጣም ሳቅን።

ፀሐይ ስትጠልቅ አለቱ ላይ ተቀምጠን እትዬ አንድ አሮጌ መዝሙር ማንጎራጎር ጀመሩ። ማንም ሳይነግረን እያንዳንዳችን የጥንት ድምፃችንን ያዝን። አምስተኛዋን መንደር ሪዮማጆሬን ሳናያት ተመለስን። ማንም አልቆጨውም።

በባቡሩ ውስጥ እነሱ ሲያንቀላፉ ዮሐንስ 21ን ከፈትኩ። ጴጥሮስ በፍም እሳት ዳር ቆሞ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ ነበር። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ሲደክም አድሮ ምንም አልያዘም። ንጋት ላይ ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር፤ የፍም እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ። ጴጥሮስን የሚጠይቀው ከባድ ጥያቄ ነበረው። ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል፣ ጴጥሮስም ያዝናል። ነገር ግን ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው (ዮሐ 21፥15)። መጀመሪያ ቁርስ። የተራበውን፣ የበረደውን፣ ያፈረውን ሰው መጀመሪያ መገበው። ሲጠይቀውም «ለምን ካድኸኝ?» አላለውም፤ ትወደኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! በዚያ ጠዋት ግን በሞንቴሮሶ ጠጠር ላይ ራሴን በጠያቂው ቦታ አስቀምጬ ነበር የሄድኩት። ቦታዬ የጴጥሮስ ነበር። እኔ ሳላውቅ ጌታ በእትዬ እጅ አጎረሰኝ፤ ከዚያ በኋላ በኮርኒልያ ደረጃ ላይ ጠየቀኝ። ሳልበላ ብጠየቅ ኖሮ «ማን ነገረሽ?» ብዬ እንደምመልስ አውቃለሁ።

ያ ጴጥሮስ ከዓመታት በኋላ ሲጽፍ አማኞችን ሕያዋን ድንጋዮች ብሎ ጠራን፤ መንፈሳዊ ቤት ሆነን እንሠራለን (1ጴጥ 2፥5)። ድሮ ይህን ሳነብ የሚታየኝ በሲሚንቶ የተያያዘ፣ የተለሰነ ግድግዳ ነበር። አሁን የሚታየኝ ያ ካብ ነው። የፊቱ ትልልቅ ድንጋይ መድረኩ፣ መዝሙሩ፣ ስብሰባው ነው። የኋላው ጠጠር ደግሞ ልቅሶ መድረስ፣ ሾርባ ይዞ መሄድ፣ «ከፍቶኛል» የሚል ሰውን መስማት ነው። እኛ ቅሬታን በዝምታና በጥቅስ ደፍነን ሰላም ነው አልን። ውሃው ግን ከኋላ ይጠራቀም ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሐሙስ ገንዘብ መላኩንም ሰልፉንም ተውኩና ዳቦ ጋግሬ ቤቷ ሄድኩ። ሁለት ዓመት የዘገየ ልቅሶ ነበር። የእናቷን ፎቶ አውጥታ አሳየችኝ፤ ስለሳቸው ብዙ ነገረችኝ፤ እኔ ብዙ አልተናገርኩም። ኅብረቶቹ ዛሬም ሁለት ናቸው። እሷም እኔም በየቦታችን እናገለግላለን። ግን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ አብረን እንበላለን፤ አንዳንዴ ያረጀው ነገር ይነሣል፣ አንዳችን እንከፋለን፣ እንነጋገረዋለን። እሷ እንዳለችው ካብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት አንተም ይቅር ልትለው የተዘጋጀህለት ሰው ይኖር ይሆናል። ነጥቦችህን ከማንበብህ በፊት አብረኸው ብላ። ስትሰማውም፣ ምናልባት ይቅርታ ጠያቂው አንተ ልትሆን ትችላለህና ልብህን አዘጋጅ። አንቺም ልቅሶ ያልደረሱልሽ እህቴ፣ በጥቅስ የተሸኘሽ፣ ስለ ራሴና እንደ እኔ ስላደረጉት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ በእኛ በአገልጋዮቹ ያያችሁት ካሳዘናችሁ፣ እባካችሁ እሱን በባሕሩ ዳር እዩት። ስማችሁንም፣ ያደረጋችሁትንም ያውቃል። እሳቱን ግን አስቀድሞ አንድዷል።

ጌታ ሆይ፣ በደከምንበትና ባፈርንበት ንጋት በዳርቻው ስለምትጠብቀን እናመሰግንሃለን። ከኋላችን የተጠራቀመውን ውሃ መውጫ አድርግለት። የወደቀውን ካብ ለመጠገን እጅ ለእጅ አያይዘን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።